ጎረቤቴ የነጠቀኝ የአሥር ሰዓት ሻይ

ሚስቴን ሊቀማኝ የተነሣው ሰው ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ጉልበቱን ያመዋል፣ በምርኩዝ ይሄዳል፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ ይለብሳል። ሳቁ፣ ግድ የለም። የሌላ ሰው ጉዳይ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ግን ቅናት በር ላይ ቆሞ ዕድሜ አይጠይቅም። ሲመጣ ዝም ብሎ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ ጫማውን አውልቆ ሶፋችሁ ላይ ይጋደማል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ አንድ የቆየ አፓርትመንት አራተኛ ፎቅ ላይ። እኔ ታክሲ እነዳለሁ። ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ፣ ክሪስታል ሲቲ አጠገብ ካለው ኤርፖርት ተሳፋሪ ሳመላልስ ውዬ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ ገብቼ ጋደም እላለሁ። በእኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ፤ ጉልበቴን እንጂ ሰዓት አቆጣጠሬን ለአሜሪካ አላስረከብኩም። ባለቤቴ የሺ ደግሞ አስፐን ሂል አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ሺፍት ነው የምትሠራው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ለመያዝ ትወጣለች። እንግዲህ ደምሩት። ባልና ሚስት ሁለታችንም ነቅተን፣ ሁለታችንም ቤት የምንገኝባት ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ያለችው አንድ ሰዓት ብቻ ናት። በዚያች ሰዓት የሺ ሻይ ታፈላለች፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ጣል አድርጋ፣ በብርጭቆ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ትዳራችሁ በምን ቆመ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ በእግዜር፣ ቀጥሎ በዚያች ሻይ እላችኋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ከእንቅልፌ ስነሣ ቤቱ ቅርንፉድ አይሸትም። ኩሽና ገባሁ። ምድጃው ቀዝቅዟል። ጠረጴዛው ላይ ቴርሞስ ቆሟል፣ ከሥሩ በየሺ እጅ ጽሑፍ "ሻይህ እዚህ ውስጥ አለ፣ ሚስተር ጆሺ ቤት ነኝ" የምትል ወረቀት።

ቴርሞስ! እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። እኛ አገር በቴርሞስ ሻይ የሚቀርበው ለቅሶ ቤት አይደለም እንዴ? ሳላስበው "ማን ሞተ?" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ቀድቼ ጠጣሁ። ትኩስ ነው፣ ስኳሩም ልክ ነው፣ ግን አልወርድ አለኝ።

ሚስተር ጆሺ ከእኛ ሦስት በር አልፎ የሚኖር ህንዳዊ ነው። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጁ ካሊፎርኒያ ነው ያለው። ከዚያ ወዲያ ስለ ሰውዬው የማውቀው ነገር አልነበረም። ኤሌቬተር ውስጥ ስንገናኝ ፈገግ ይልልኛል፣ እኔም ፈገግ እልና ወደ ስልኬ እመለሳለሁ። ጉርብትናችን ይኸው ነው። እያሣሣቀ ይወስዳል የተባለው ለውሃ ብቻ መስሎኝ!

የሺ አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው መጣች። ዝንጅብልና ሄል ትሸታለች። የሥራ ጫማዋን እያሰረች ለብቻዋ ፈገግ አለች። ሰው ከጎረቤት ሲመጣ ፈገግ አይበል አልልም። ግን የእኔን ሻይ ጠጥታ እንዲህ ፈገግ ያለችበትን ቀን ባስብ ባስብ አንድም ጠፋኝ።

"ሻዩ እንዴት ነበር?" አልኳት፣ እንደ ዋዛ።

"ወተት አለው። አብሮ ነው የሚፈላው" አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

ያችን ወተት ሳመነዥካት አመሸሁ፤ አደርኩም። በነጋታው ደግሞ ቴርሞስ። ሐሙስም ቴርሞስ። ሳምንት ሞላ፣ ሁለት ሳምንት ሞላ፣ ይኸው ከቴርሞስ ጋር ተዳርኩ። እንደ ወንድ ፊት ለፊት እንዳልጠይቃት፣ "በሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ቀናህ?" ካለችኝ የት እገባለሁ? ስለዚህ እንደ ፈሪ መሰለል ጀመርኩ።

የምሰልለው ቆሻሻ በመጣል ነው። የቆሻሻ መጣያው ክፍል ያለው ከሰውዬው በር ቀጥሎ ነው። አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ቆሻሻ ይጥላል? እኔ አራት ጊዜ ጥያለሁ። ቆሻሻው ሲያልቅብኝ ደህናውን የሽንኩርት ከረጢት ይዤ ወጥቼ መልሼዋለሁ። ሰውዬው ደግሞ በሻይ ሰዓት በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሚተወው፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ጎራ እንዲል። እኔ ቤት ግን በር በሁለት ቁልፍ ነው የሚዘጋው። ይኼም አናደደኝ።

በአራተኛው ምልልሴ አየኋቸው። ትንሽ ጠረጴዛ፣ ሁለት የሚጨስ ስኒ፣ መሀል ላይ ወረቀት ተዘርግቷል፣ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተዋል። የሺ በእስክሪፕቶ አንድ ነገር ምልክት አደረገች። ሰውዬው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገና "ቬሪ ጉድ!" አላት። እሷም እንደ ተማሪ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሳቀች። ሽንኩርቱን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን "ቬሪ ጉድ" ብያት አላውቅማ። የሚባል መሆኑንም አላወቅኩም። ደግሞስ ወረቀቱ ምንድን ነው? ባል ሳይጠራ ሚስት የምትፈርመው ወረቀት ደህና ነገር ሆኖ ያውቃል?

ፊላደልፊያ ዩኒቨርሲቲ ላለችው ልጃችን ለሊያ ኮል አደረግኩና ነገሩን ዳር ዳሩን ነገርኳት። "ዳድ፣ ሂ ኢዝ ላይክ ኤይቲ" አለችኝ። "ሰባ ስምንት ነው" አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።

ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ለታደለም አማከርኩት። ታደለ አብሮኝ የሚነዳ የቆየ ጓደኛዬ ነው፤ ሦስት ጊዜ አግብቶ ሦስት ጊዜ ስለፈታ የትዳር አማካሪያችን እሱ ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና ራሱን ነቀነቀ። "አያያዝህን አይቶ ጭብጦህን ቀማህ" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ልጠይቀው ስል ቀጠለ። ልጆች ሆነን እናያቸው የነበሩትን የህንድ ፊልሞች አስታወሰኝ። ፍቅሩ በትንሽ ነገር ነው የሚጀምረው። በሻይ በለው፣ በውሃ በለው። ከዚያ ዝናብ ይመጣል። ዝናብ ከመጣ ዛፍ ይፈለጋል። ዛፉን መዞር ከጀመሩ ግን ወንድሜ፣ አለቀ፣ አባትየው በጠመንጃ ቢመጣ እንኳ አይመለሱም አለኝ።

የአፓርትመንታችን ፓርኪንግ ሎት ውስጥ አንድ ዛፍ አለ። አንድ ብቻ። ለዓመታት ከሥሩ መኪና ሳቆም ወፍ ስለሚጥልብኝ ከመርገም በቀር ልብ ብዬው አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ዛፉን እጠብቅ ጀመር። ከሥራ ስገባ አየዋለሁ፣ ሳልተኛ በመስኮት አየዋለሁ። የአየር ትንበያ መከታተልም ያዝኩ፤ ዝናብ አለ ከተባለ ከመስኮቱ አልነሣም።

በመጨረሻ አንድ መላ መጣልኝ። ነገሩ ወተት ከሆነ፣ ወተት እኔስ አላፈላም? አንድ ረቡዕ እንቅልፌን ትቼ ሱፐርማርኬት ሄድኩና ወተት፣ ዝንጅብል፣ ሻይ ቅጠል ገዛሁ። የሺ አሥር ሰዓት ላይ ቴርሞሴን አስቀምጣልኝ እንደ ልማዷ ሄደች። በቪዲዮ አንዲት ህንዳዊት እናት ሲያስተምሩ እያየሁ ጀመርኩ። ሐሳቤ ሻዩን አፍልቼ፣ በትሪ ይዤ፣ ገርበብ ያለውን በር በእግሬ ገፋ አድርጌ መግባት ነው። "የሺ፣ ቤትሽ ውስጥም ወተት አለ" ልላት። መስተዋት ፊት ሁለት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ።

ሴትዮዋ ቅመም ጨምር ይላሉ። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። አንድ ብልቃጥ ውስጥ ቡናማ ዱቄት አለ፤ ሳሸተው ቅመም ቅመም ይላል። ሦስት ማንኪያ ሞጀርኩበት። የወጥ መከለሻ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ፍርድ ቤት ብቆምም ግን ሽታው ያሳስታል እላለሁ።

ቀጥሎ ሴትዮዋ አንድ ነገር ደጋግመው አሉ፤ ወተቱ እስኪነሣ ዓይንህን ከላዩ እንዳታነሣ አሉ። ልክ እዚህ ላይ ስልኬ ላይ የአገር ቤት ፖለቲካ ውይይት በቀጥታ መጀመሩን የሚናገር መልእክት ብቅ አለ። አንድ ደቂቃ ብቻ ብዬ ከፈትኩት። እንግዲህ ያ ውይይት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያቋርጠዋል፣ እናንተም ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ሁለቱንም ትሳደባላችሁ። ቀና ስል ኩሽናው አይታይም። ወተቱ ገንፍሎ፣ ምድጃው ላይ ፈስሶ፣ አርሮ፣ መከለሻው ተቃጥሎ ጭሱ ኮርኒስ ደርሷል። ፎጣ ላወዛውዝ ስል መጀመሪያ የእኛ ቤት አላርም ጮኸ፣ ቀጥሎ የኮሪደሩ፣ ቀጥሎ የሕንፃው በሙሉ።

ሕንፃው እንዳለ በደረጃ ወረደ። ሕፃን የታቀፈ አለ፣ ድመት የታቀፈ አለ፣ ፀጉሯን በሻምፑ እንደነከረች የወረደች ሴት አለች። እኔ በነጠላ ጫማ ነኝ፣ ያረረውን ድስት ይዤ። ለምን እንደያዝኩት አትጠይቁኝ፤ ማስረጃ መደበቄ ይሆናል። ውጭው ዝናብ ነው። ካፊያ እንዳይመስላችሁ፣ ዶፍ። የእሳት አደጋ መኪናው እየጮኸ ገባና ሰዎቹ መጥረቢያ ይዘው ወደ ላይ ሮጡ፣ ወደ እኔ መከለሻ።

የሺን በዓይኔ ፈለግሁ። ሁሉም ከወረደ በኋላ በሩ ተከፈተና ወጡ፤ ሁለቱ። ሰውዬው በአንድ እጁ ምርኩዙን፣ በሌላው ክንዷን ይዟል። እሷ ቦርሳዋን አንግታ ከላይ ጃንጥላ ዘርግታለች፣ በብብቷ ደግሞ የሰውዬውን ቴርሞስ ይዛለች። ቀስ እያሉ፣ ማንንም ሳያዩ፣ ፓርኪንግ ሎቱን አቋርጠው ሄዱ። የት ሄደው ቢቆሙ ጥሩ ነው? ዛፉ ሥር።

ዝናብ። ዛፍ። የቀረው ዘፈኑ ብቻ ነው። ያንን ሁሉ ያመቻቸሁላቸው ደግሞ እኔው ራሴ፣ በገዛ ወተቴ!

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ድስቱን እንደያዝኩ ደረስኩባቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአማርኛ ሚስጥር ማውራት ሬድዮ ላይ እንደማውራት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሁለተኛ ፎቅ የነበሩት አበሾች ባለፈው ወር ቤት ለቀዋል። ስለዚህ ተማመንኩና አፌን ከፈትኩ።

"የሺ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬሽ ሻይ የጠጣሁትን እኔን በዚህ ሽማግሌ ትለውጪኛለሽ? ጥርሱ እንኳ የራሱ አይደለም!"

ሰውዬው ምርኩዙን አደላደለ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ሰው ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ፣ በጠራ አማርኛ እንዲህ አለኝ።

"የላይኞቹ ብቻ ናቸው የተገዙት። የታችኞቹ የራሴ ናቸው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። የፓርኪንግ ሎት አስፋልት ግን እንዲህ በቀላሉ አይከፈትም። ሰውዬው ለካ በንጉሡ ጊዜ አገራችን መጥተው ስምንት ዓመት ደብረ ብርሃን ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከዚህ በኋላ "እሳቸው" ነው የምላቸው። እኔም በህንድ አስተማሪ ነው ሒሳብ የተማርኩት፤ ያኔ የተመታሁባት ጠመኔ ግንባሬ ላይ ዛሬ እንደገና ተሰማችኝ።

"ነግሬህ ነበር" አለች የሺ።

"መቼ?"

"ሦስት ጊዜ። ኤሌቬተር ውስጥ ጤና ይስጥልኝ ያሉኝ ቀን ሮጬ መጥቼ ነገርኩህ። 'እህ' አልከኝ።"

ከዚያ ከቦርሳዋ ያንን ወረቀት አወጣችው። ለካ መጽሐፍ ነው፤ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና የሚጠናው፣ ዳር ዳሩ በእስክሪፕቶ ተሞልቷል። ለፐርሚት፣ ለመለማመጃ ፈቃዱ፣ ልትፈተን ነው ለካ። ጋሽ ጆሺ፣ እንዲያ ነው የምትላቸው፣ ሻይ እየጠጡ ይጠይቋታል፣ እሷ ትመልሳለች፤ ልክ ስትሆን ቬሪ ጉድ ነው። እኚህ ሰው ደግሞ በሕይወታቸው መኪና ነድተው አያውቁም። እኔ፣ ታክሲ ነጂው፣ ሦስት በር ማዶ ቁጭ ብዬ!

"እኔ እያለሁ?" አልኳት።

"አንተን ነው መጀመሪያ የጠየቅኩህ። ሻይ እየጠጣን። በበረዶ አውቶቡስ መጠበቅ ሰለቸኝ፣ መንዳት አስተምረኝ አልኩህ። ስልክህን እያየህ 'ልክ ነሽ፣ ሁሉም ሌቦች ናቸው' አልከኝ።"

የታደለ ጭብጦ እዚያ ዝናብ ውስጥ ገባችኝ። ለካ እኔ የማስታውሰው ሻዩን ነው እንጂ የተናገረችውን አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀረፋውን ሳሸት፣ የሺ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስታወራ የነበረው ከስልኬ ጀርባ ጋር ነው።

ጋሽ ጆሺ ነገሩን የቋጩት በሻይ ነው። እሳቸው አገር በር የመጣ ሁሉ፣ ቧንቧ ሠሪም ይሁን ባለ ዕዳ፣ መጀመሪያ ሻይ ነው የሚሰጠው፤ ጠብ ካለ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የቴርሞሱን ክዳን ሞሉና ግማሹን ከየሺ ቦርሳ በወጣች የወረቀት ኩባያ ገለበጡ፤ ክዳኑን ለእኔ፣ ኩባያዋን ለእሷ። ግማሽ ግማሽ መሆኑ አስገረመኝ። እኛ ጋ አንድ ሻይ ለሁለት ማዘዝ ነውር የለውም አሉኝ፤ ግማሽ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል፣ ለሌላ ግማሽ ደግሞ እንድትቀመጥ ሰበብ ይሆናል። በእድሜዬ እንዲህ ያለ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም። ጥሩ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

የእሳት አደጋ ሰዎቹ እስኪወርዱ የሻዩን ታሪክ አወጉን። ሻዩን በአሳም ኮረብታ ላይ ያስተከሉት እንግሊዞች ናቸው። ደህና ደህናው ቅጠል በመርከብ ይሄዳል፤ ለአገሬው የሚተርፈው ብናኙ ነው፤ እሱም ቆይቶ፣ መጠጡን ልመዱት ተብሎ። ብናኝ ደግሞ ይመራል። ሕዝቡ ወተት ጨመረበት፣ ስኳር ጨመረበት፣ ዝንጅብልና ሄል ጨመረበት፣ አንተክትኮ አንተክትኮ ሻይ አደረገው። ይኼን ጊዜ የሻይ ነጋዴዎቹ ተቆጡ፤ ቅመሙ በዝቶ የኛ ቅጠል አነሰ ብለው። "ቀኑበት" አሉ ጋሽ ጆሺ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። ቀጥለው ድስቱን ተቀበሉኝና አሸተቱት። ግንባራቸው ተቋጠረ። ምን ቅመም እንደሆነ ግራ ገባቸው። የሺ አሸተተች።

"መከለሻ ነው" አለች፤ ከዚያ ሳቀች። ዛፉን ተደግፋ፣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ዛፉ ያንን ሁሉ ጊዜ ቆሞ የጠበቀው ይኼን ነበር ማለት ነው።

ከማግስቱ ጀምሮ እኔም ተጠራሁ። የጋሽ ጆሺ ቤት አንድ ሕግ አለው፤ ስትገቡ ስልካችሁ በር አጠገብ ያለ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው ቀን እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ ስድስት ግማሽ ሻይ ጠጣሁ። የሺ አንድ ወግ ስትጀምር ጋሽ ጆሺ ከመጨረሻዋ በፊት መሳቅ ይጀምራሉ፤ ሰምተዋታላ! እኔ ባሏ እንደ እንግዳ መጨረሻዋን እጠብቃለሁ። ይኼንን ቅናት ከፊተኛው ጋር አታወዳድሩት። የፊተኛው ያንጨረጭራል፤ ይኼኛው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚበላ።

ፐርሚቱን አንድም ሳትስት አለፈች። መሪ ያስያዝኳት ግን እኔ ነኝ፤ ይኼ ይመዝገብልኝ። በዚያችው ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ባለችው ሰዓት፣ ስልኬን ቆርቆሮው ውስጥ ትቼ፣ ፓርኪንግ ሎቱን ስንዞር ከረምን። ዛፉን ስንት ጊዜ እንደዞርነው ታደለ ባየ!

ባለፈው ቅዳሜ መንጃ ፈቃዷ ደረሰ። የመጀመሪያ ጉዞዋ ወደ ዊተን ነበር፣ ለጋሽ ጆሺ ሻይ ቅጠልና ዝንጅብል ለመግዛት። እሳቸው ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ፊት ተቀመጡ። እኔ የሃያ ዓመት ሹፌር የኋላ ወንበር ላይ ነኝ፣ ቴርሞሱን ታቅፌ። ጋሽ ጆሺ መንገዱን ሙሉ ከመጽሐፉ እየጠቀሱ ሕግ ያስታውሷታል፤ እሷ "እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ" ትላለች። እኔ ጥርሴን ነክሼ የቴርሞሱን ክዳን ደጋግሜ አጠብቃለሁ።

ጆርጂያ ጎዳና ላይ መኪናው በዛ። የሺ ሌን መቀየር አለባት። ትከሻዋ ሲደርቅ ከኋላ ይታየኛል።

"ልግባ?" አለች።

ጋሽ ጆሺ ጣታቸውን አንሥተው "መጀመሪያ ምልክት..." ሲሉ አቋረጠቻቸው።

"እርስዎን አይደለም ጋሼ። እሱን ነው የጠየቅኩት።"

ሳትጨርሰው ሰማኋት። ዞሬ በኋላው መስተዋት አየሁ፤ አንድ ነጭ ቫን አለፈ፣ ከእሱ ወዲያ መንገዱ ባዶ ነው።

"ግቢ" አልኳት።

ገባች። ልክ እንዳስተማርኳት፣ ቀስ ብላ። "ቬሪ ጉድ" አልኩ፣ ከኋላ። ጋሽ ጆሺ ጣታቸውን መለሱና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። ይቅኑ እንግዲህ። እኔ ስንት ወር ሙሉ ቀንቼ የለ!